ተጨማሪ መረጃ፦ የቤተሰብ ጤና ቡድን በወረርሽኝ ጊዜ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ ሲነገር፣ የብዙ ሰው ዓይን ያረፈው በሆስፒታል አልጋና በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ነበር። ይሁንና ልብ በሉ፤ ወረርሽኝ ገባ ተብሎ ስኳርና ደም ግፊት ፋታ አይሰጡም፤ እርግዝናም የሕፃናት ክትባትም ቀናቸውን ጠብቀው ይመጣሉ። በኮልፌ ቀራንዮም ሆነ በሌሎች የአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች ይህን ሸክም በቅድሚያ የሚሸከመው ጤና ጣቢያ ነው። ከአሠራሮቹ አንዱ «የቤተሰብ ጤና ቡድን» ይባላል። ሐኪም ወይም ጤና መኮንን፣ ነርሶችና የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አብረው የተመደቡላቸውን ቤተሰቦች የሚከታተሉበት አደረጃጀት ነው።

የቡድኑ ትልቁ አቅም ቤቱን አስቀድሞ ማወቁ ነው። የትኛው ቤት አልጋ ላይ የዋለ አዛውንት፣ የትኛው ነፍሰ ጡር እንዳለ ያውቃልና፣ የበሽታው ምልክት ያለበትን ሰው ቶሎ ለይቶ ወደ ሆስፒታል ሊልክ፣ የቀረውን ደግሞ እቤቱ ሊረዳ ይችላል። «ቤት ለቤት የሚዞር ባለሙያ ራሱ በሽታ አያዛምትም ወይ?» ብትሉ ጥያቄው ተገቢ ነው። ጭምብልና ርቀት አደጋውን ይቀንሳሉ እንጂ አያጠፉትም። ነገር ግን ደካማው ሕመምተኛ በተጨናነቀ ታክሲ መጥቶ ወረፋ ላይ ቢቀመጥ ይበልጥ ይጋለጣል። እንደ 8335 ያለው ነፃ የስልክ መስመርም ምክር ይሰጣል፤ የደም ግፊት ግን በስልክ አይለካም።

እስቲ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ፣ ሰፈራችሁን የሚከታተለው ቡድን የትኞቹን ቤቶች በቅድሚያ እንደሚጎበኝና ለምን እንደሆነ ጠይቁ።