ስኒ፣ ጣሳ እና የሞተር ሳይክል ጎማ

ቡናው ተጠጥቶ ሲያልቅ አንዱን ባዶ ስኒ ጠረጴዛው ላይ በጎኑ አጋድሙትና በጣታችሁ ገፋ አድርጉት። ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ይዞርና ወደ ተነሣበት ይመለሳል። አፉ ሰፊ፣ መቀመጫው ጠባብ ነውና በአንድ ዙር አፉ ረጅሙን መንገድ ሲሄድ መቀመጫው አጭሩን ይሄዳል። ስለዚህ ወደ ጠባቡ በኩል ይታጠፋል። አሁን ደግሞ ከጓዳ የቲማቲም ጣሳ አምጡና እንደዚያው ግፉት። ጣሳው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ካልያዛችሁት ከጠረጴዛው ይወድቃል።

የሞተር ሳይክል ጎማና የመኪና ጎማ ልዩነታቸው ይኸው ነው ማለት ይቻላል። የሞተሩ ጎማ ከፊት ለፊት ሲያዩት ክብ ነው፤ እንደ ብርቱካን ግማሽ ከመሐል ወደ ጎንና ጎን ይጎብጣል። የመኪናው ጠፍጣፋ ነው። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ላስቲክ፣ ሁለቱም ነፋስ የሚሞሉ ስለሆኑ አንዱን በሌላው ቦታ ብንተካውስ የሚል ሐሳብ ለሰው ይመጣል። መጥቶም አልቀረ፣ አሜሪካ ውስጥ በተግባር የሚያደርጉት ሞተረኞች አሉ።

እነዚህ ሰዎች በአብዛኛው የሚነዱት ሆንዳ ጎልድ ዊንግ የሚባለውን ከባድ ሞተር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ሞዴል 1832 ሲሲ፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ክብደቱ ወደ 400 ኪሎ የሚጠጋ፣ የኋላ ማርሽ ሳይቀር ያለው ነው። የኋላ ጎማው ቸርኬ እንኳ እንደ መኪና በአምስት ብሎን ይታሰራል። ባለቤቶቹ የቅዳሜ ጠዋት ሽርሽር አይበቃቸውም፤ በ24 ሰዓት ውስጥ 1,000 ማይል፣ ማለትም 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ጨርሶ የምስክር ወረቀት መቀበል የሚያኮራቸው ናቸው። የኋላውን ጎማ አውልቆ የመኪና ጎማ ያስገባ ሰው በመካከላቸው “ወደ ጨለማው ወገን ተሻገረ” ይባላል። አነጋገሩን የወሰዱት ከስታር ዋርስ ፊልም ነው። ቀልድ ቢመስልም ነገሩ ኃጢአት እንደሚያስቆጥር ራሳቸውም ያውቁታል ማለት ነው።

ምክንያታቸው ገንዘብ ነው። ቀጥ ባለ አውራ ጎዳና ቀኑን ሙሉ የሚሄድ ሞተር የሚረግጠው በጎማው መሐል ብቻ ነው። ጎኖቹ አዲስ እንደሆኑ መሐሉ ይላጫል። እንዲህ ያለ ከባድ ሞተር የኋላ ጎማውን በ15 ወይም በ20 ሺህ ኪሎ ሜትር ሊጨርስ ይችላል፤ በቦታው የገባው የመኪና ጎማ የዚያን ሁለት ሦስት እጥፍ ይሄድላቸዋል፣ ሲገዛም ብዙ ጊዜ ይረክሳል። የመኪና ጎማ ለምን እንዲህ ዕድሜ አለው? ላስቲኩ ጠንከር ያለ ነው፣ ጥርሱ ጥልቅ ነው፣ ጭነቱንም በሰፊ ወለል ላይ ያከፋፍለዋል። የሞተሩ ላስቲክ ለስለስ ተደርጎ የሚሠራው መሬቱን እንዲነክስ ነው፤ የሚነክስ ነገር ደግሞ ያልቃል።

ጎማው ጎን ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች ማንበብ የሚችል ሰው ምርጫቸው በዘፈቀደ እንዳልሆነ ያያል። የዚህ የጎልድ ዊንግ ሞዴል የኋላ ጎማ 180/60R16 74H ነው። 180 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው። 60 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶ ስንት እንደሆነ ይናገራል፤ 108 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። 16 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። 74 በሠንጠረዥ ሲታይ 375 ኪሎ የመሸከም አቅም ነው፤ H ደግሞ በሰዓት 210 ኪሎ ሜትር ድረስ። በምትኩ ብዙዎቹ የሚያስገቡት የመኪና ጎማ 195/55R16 ነው። የሁለቱን ሙሉ ቁመት አስሉት፦ አንዱ 622፣ ሌላው 621 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይወጣል። የፍጥነት መለኪያው እንኳ ልዩነቱን አያውቅም። የመኪናው ጎማ የጭነት ቁጥር ደግሞ 87 ነው፣ 545 ኪሎ። “የበለጠ ይሸከማል፣ ታዲያ ምኑ ላይ ነው አደጋው?” የሚለው ክርክራቸው ከዚህ ይነሣል።

ቁጥሩ ልክ ነው። ግን የተጠየቀው ሸክም አልነበረም።

ወደ ጠረጴዛችን እንመለስ። መኪና ኩርባ ሲይዝ የፊት እግሮቹን ወደ ጎን ያዞራል እንጂ ራሱ አይጋደምም፤ ጎማዎቹ እንደቆሙ ናቸው። ሞተር ግን ከዝግታ ፍጥነት በላይ ከሄደ የሚታጠፈው በመጋደም ነው። ክቡ ጎማ ሲጋደም መሬት የነካው ቁራጭ በአንድ በኩል ወደ ሰፊው መሐል፣ በሌላ በኩል ወደ ጠባቡ ጠርዝ የሚያይ ይሆናል። በዚያች ቅጽበት ጎማው ስኒ ሆነ፤ ወደ ጠባቡ በኩል ራሱ ይዞራል። ምንም ያህል ቢጋደም ደግሞ መሬት የሚነካው ስፋት ያን ያህል አይለዋወጥም። ብርቱካን በየትኛውም ጎኑ ብታስቀምጡት ያው ብርቱካን ነው።

አሁን የተጋደመውን ጣሳ አንድ ጫፉን ብድግ አድርጉና ልቀቁት። ጧ ብሎ ወደ ጠፍጣፋው ይመለሳል። የመኪና ጎማ የገባለት ሞተር ኩርባ ላይ የሚያደርገው ይህንን ነው። ሲጋደም ክብደቱ ከመሐል ሸሽቶ የውስጠኛው ጠርዝ ላይ ይወድቃል፤ ጠርዙ ደግሞ ሞተሩን ወደ ላይ እየገፋ ቀጥ ሊያደርገው ይታገላል። ሞተረኛ ሁሉ እጁ የሚያውቀው፣ አፉ ግን ብዙ ጊዜ የማያስረዳው ነገር አለ፦ ወደ ቀኝ ለመጋደም የመሪው ቀኝ እጀታ ወደ ፊት ይገፋል። በክብ ጎማ ትንሽ ገፋ ካደረጉት በኋላ ሞተሩ በያዘው ይቀጥላል። በጠፍጣፋው ግን ኩርባው እስኪያልቅ እየገፉ መቆየት ነው፤ እጅ ከላላ ሞተሩ ይቃናል። የሚቃናውም ወደ ኩርባው ውጭ፣ ማለትም ወደ ገደሉ ወይም ወደሚመጣው መኪና ነው። መንገዱ በአንድ ጎኑ የተቦረቦረ ከሆነ ደግሞ ጠፍጣፋው ጎማ ቡርቡሩን በጠርዙ ይይዝና ሞተሩን ይወዘውዘዋል።

እንዲህ ከሆነ ሁሉም ለምን አልወደቁም? ይህን ሳይመልሱ ማለፍ ማጭበርበር ይሆናል። ላስቲክ ቆርቆሮ አይደለም፤ ይታጠፋል። የመኪና ጎማ ጎኑ ለስላሳ ነውና ቸርኬው ሲጋደም ጎኑ እየተጣጠፈ የጎማው ወለል ከፊሉ መሬት ላይ ጠፍጣፋ እንደሆነ ይቆያል። ቀጥ ባለ መንገድ ፍሬን ሲያዝም ሰፊው ወለል ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ስለዚህ በልኩ ለሚጋደም፣ ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ለሚበዛበት ሰው ጎማው ለብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ምንም ሳይል ሊሄድ ይችላል። ችግሩ ጎማው የሚፈተነው በዚያ አለመሆኑ ነው። ሕፃን ልጅ ድንገት መንገድ ሲገባ፣ ኩርባው ከታሰበው በላይ ጠባብ ሆኖ ሲገኝ፣ ያኔ ሞተሩ ባንዴ በጣም መጋደም አለበት፤ የላስቲኩ መታጠፍ ደግሞ ወሰን አለው። ከወሰኑ ወዲያ የቀረው ጠርዝ ብቻ ነው። ውሃ በተኛበት አስፋልትም እንዲሁ፤ ክቡ ጎማ ውሃውን እንደ ጀልባ አፍንጫ ሰንጥቆ ወደ ጎን ይልከዋል፣ ጠፍጣፋው ግን ተስፋው ሁሉ ጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ላይ ነው።

ሌላው ነገር የማይታይ ቦታ ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚያስፈራውም እሱ ነው። ጎማ ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ጠርዝ ውስጡ የብረት ሽቦ አለው፤ ነፋስ ሲሞላ ጠርዙ ተንሸራቶ ቦታውን ይይዛል። ጎሚስታ ዘንድ ቆማችሁ ከሆነ “ጧ!” የሚለውን ድምፅ ታውቁታላችሁ። የመኪናና የሞተር ቸርኬ በኢንች እኩል ቢሆኑም ጠርዙ የሚቀመጥበት ቅርጻቸው አንድ አይደለም። ስለዚህ የመኪናው ጎማ በሞተሩ ቸርኬ ላይ እምቢ ሊል ይችላል፤ እምቢ ሲል ደግሞ ሰው ነፋስ ይጨምራል። ብዙ የመኪና ጎማዎች ጠርዙን ለማስቀመጥ ከ40 ፒኤስአይ በላይ እንዳትሞሉ የሚል ማስጠንቀቂያ ጎናቸው ላይ ተጽፎባቸዋል። ሽቦው ከተበጠሰ ጎማው ይፈነዳል፤ የሚፈነዳው ደግሞ አጎንብሶ በሚሠራው ሰው ፊት ላይ ነው። ጎማ አምራቾች አታድርጉ የሚሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እኛ አገር ይህ ፈተና ያን ያህል የለም። በየከተማው የምናያቸው ትንንሽ ሞተሮች የኋላ ጎማቸው እንደ 3.00-18 ያለ ቀጭን ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ቀጭን ቸርኬ የሚሆን የመኪና ጎማ ከየት ይመጣል? የመኪና ጎማ በእኛ ዘንድ ሁለተኛ ዕድሜውን ሲያገኝ በረባሶ ይሆናል። ነጋዴው በረባሶ ሲቆርጥ ላስቲኩ ውስጥ የተደራረበውን ክር ያየ ሰው ጎማ ዝም ብሎ የላስቲክ ቀለበት እንዳልሆነ ይገባዋል። ክሩ በየትኛው አቅጣጫ፣ ስንት ድርብ እንደሚተኛ የሚወሰነው ጎማው ቆሞ ይሄዳል ወይስ ተጋድሞ በሚለውም ጭምር ነው።

ባጃጅስ? ባጃጅ መሪው የሞተር ሳይክል ይመስላል፣ ኩርባ ሲይዝ ግን አይጋደምም፤ ከተጋደመ ተገልብጧል። ስለዚህ 4.00-8 የሚለው ትንሽ ጎማው ቆሞ ለመሄድ ቢሠራ አያስገርምም። ጎኑ ላይ ሦስተኛ እግር ያለው ጋሪ የተገጠመለት ሞተርም እንዲሁ ነው፤ ስለማይጋደም የመኪና ጎማ ይስማማዋል፣ በብዙዎቹም ላይ ይገጠማል። ከፊት ሁለት፣ ከኋላ አንድ እግር ያለው ካን-አም ስፓይደርም ከፋብሪካ ሲወጣ የኋላ ጎማው 225/50R15 የሆነ ጠፍጣፋ ነው። ሦስት እግር ላለው የመኪና ጎማ ይፈቀድ፤ ሁለት እግር ላለው ግን በእኔ ፍርድ አይሆንም፣ ረክሶ ቢገኝም።

ሞተር ያላችሁ ሰዎች ግን አንድ ነገር አድርጉ። የመኪና ጎማ ባታስገቡም ቀጥ ያለ መንገድ ክቡን ጎማችሁን ቀስ በቀስ ጣሳ ያደርገዋል። ነገ ጠዋት ሞተሩን ከማስነሣታችሁ በፊት እስክሪብቶ አውጡና የኋላው ጎማ ላይ ከጎን ወደ ጎን አግድሙት። እንደ ሚዛን ወዲያና ወዲህ ከተወዛወዘ ጎማው ገና ክብ ነው። ዝም ብሎ ከተኛ ጎሚስታው ዘንድ ሂዱ።