ደረቅ ወንዝ ባዶ መሬት አይደለም

ድሬ ዳዋን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ እንግዳ ደቻቱን ወንዝ ነው ቢሉት አያምንም። ከዓመቱ አብዛኛውን ቀን ደረቅ አሸዋ ነው። ግመል ያቋርጠዋል፤ ፍየል ይነዳበታል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ሻጮችም ሸራ ወጥረው ይነግዱበታል። በከተማ መካከል እንዲህ ያለ ሰፊና ኪራይ የማይጠየቅበት መሬት ከወዴት ይገኛል? ክፉውም ነገር የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ ሰው በተኛበት ሰዓት፣ የደቻቱ ጐርፍ ደረሰ። ከ250 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቈጠሩም ቤታቸውን አጡ።

ምክንያቱ ከከተማይቱ አቀማመጥ ይታያል። ድሬ ዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ በስተደቡቧ ያለው የደንገጎ ተራራ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። በዚያ የዘነበው ዝናብ፣ ዛፉ በተመናመነው ቁልቁለት ላይ የሚይዘው ስለሌለ፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከታች ይደርሳል። በከተማይቱ ላይ ግን አንዲት ጠብታ ላትወርድ ትችላለች። ረግረግና ጨፌ ባለበት አገር ውሃው በሣሩና በጭቃው መካከል ተንሰራፍቶ ጕልበቱን ያበርዳል፤ ጨፌን ደልድሎ ቤት መሥራት ጉዳት የሚያመጣውም ስለዚህ ነው። ደቻቱ በከተማው ውስጥ ጨፌ የለውም፤ መንሰራፊያው ይኸው አሸዋ ነው።

ትምህርት ቤት ሳለን በምንሥለው ካርታ ላይ ወንዝ ማለት ቀጭን ሰማያዊ መሥመር ነበር። የቤት መሥሪያ ቦታ የሚሸነሽነውም ሰው ይህችን መሥመር አይቶ ጥቂት ሜትር ፈቀቅ ካለ ግዴታውን የፈጸመ ይመስለዋል። የወንዝ ስፋት ግን የሚለካው በሞላበት ቀን ነው። ጕድጓድ ሲቈፈር ድቡልቡል ጠጠርና አሸዋ ተደራርቦ ከተገኘ ወንዙ በዚያ አልፎ ያውቃል። የአገሩ ሽማግሌም ውሃው እስከ የትኛው ግድግዳ እንደ ደረሰ በጣቱ ያሳያል።

ከዚያ ውስጥ ምንም አይሠራ ማለቴ አይደለም። ደኃ ከተማ ያን ያህል መሬት አጥሮ ለማስቀመጥ አይችልም፤ ቢያጥርም ሰው ይገባበታል። ለእኔ የሚታየኝ መለኪያ አንድ ነው፤ ይኸውም፣ ሰው ያድርበታል ወይ? ገበያ ሲመሽ ይነሣል፤ የኳስ ሜዳ ሌሊት ባዶ ነው፤ የአትክልት ቦታም ቢጠፋ እንደገና ይተከላል። መኖሪያ ቤትና ሐኪም ቤት ግን ከፍ ባለው ስፍራ ይሁኑ። መንገዶቹም ወንዙን ተከትለው ከሚሄዱ ይልቅ ወደ ዳገቱ የሚያወጡ ቢሆኑ፣ በጨለማ የሚሸሽ ሰው ወዴት እንደሚሮጥ አይጠፋውም።

የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ሲደርስ፣ ከዚራ በቀጥተኛ ጐዳናና በዛፍ ጥላ ተቀይሶ ተሠራ። ማዶ ያለው መጋላ ግን እንደ ነጋዴው ብዛት በራሱ አደገ። ከሁለቱም ቦታ ያላገኘው ወደ አሸዋው ተጠጋ። «ለምን በወንዝ ዳር ሠራ?» ብሎ ይህን ሰው መውቀስ ቀላል ነው። ሌላ ቦታ የሰጠው ነበር ወይ?

ከጐርፉ በኋላ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ሆኖም ግንብ ልብን ያዘናጋል። ከበስተኋላው ቤት ይጠጋል፣ ሰው ይበዛል፤ ግንቡ ግን የተሠራው ለተገመተው ውሃ እንጂ ለሚመጣው ሁሉ አይደለም።

ባለፈው ክረምት በአሸዋው ላይ ሳልፍ ቲማቲም የሚሸጡ አንዲት እናት ዕቃቸውን ሲሰበስቡ አየሁ። ፀሐዩ ገና አናት ይበሳል።

«እማማ፣ ምነው በቀኑ?» አልኋቸው።

«ደንገጎን አታይም፣ ልጄ?»

ዞር ብዬ ባይ ተራራው ጠቍሯል። ሸራውን አብረን ጠቀለልንና ወደ ላይ ወጣን።