ለቤት ውስጥ የሚሆን ለዘብተኛ ቀለም ያለው የሴራሚክ ንጣፍ አመራረጥ

የሴራሚክ ንጣፍ አንድ ጊዜ ከተለጠፈ በኋላ እንደ መጋረጃ በየጊዜው የሚለወጥ ዕቃ አይደለም። ስለዚህ ብዙ የቤት ባለቤቶች ከደማቅ ቀለም ይልቅ ነጭ፣ ክሬም፣ የአሸዋ መልክ ያለውንና ግራጫውን ይመርጣሉ። እነዚህ ለዘብተኛ ቀለሞች ከማናቸውም የቤት ዕቃ ጋር ይስማማሉ፤ ለነጋዴውም ቢሆን ዘመን አልፎባቸው በመጋዘን የመቅረታቸው ሥጋት አነስተኛ ነው። ይሁን እንጂ ለዘብተኛ ቀለም ሁሉ አንድ ነው ብሎ የሚያዝ አስመጪና የሚሸጥ ባለሱቅ ለኪሣራ ሊጋለጥ ይችላል፤ ጥቂቷ የቀለም ልዩነት ጎልታ የምትታየው በእንዲህ ያለው ልሙጥ ንጣፍ ላይ ነውና።

ስለ ቀለሙና ስለ ብርሃኑ

ግራጫ ከግራጫ ይለያል። አንዱ ወደ ሰማያዊ ያደላና ቀዝቃዛ መልክ ያለው ሲሆን፣ ሌላው ወደ ቡናማ ያደላና ሞቅ ያለ ነው። በሱቅ መብራት ሥር አንድ መስለው የታዩ ሁለት ንጣፎች በፀሐይ ብርሃን ሲወጡ ሊለያዩ ይችላሉ። ስለሆነም ባለሱቁ ናሙናውን ለገዢው ወደ ቤቱ እንዲወስደው ቢሰጠው፣ ይህ ባይቻል ደጅ አውጥቶ ቢያሳየው ከኋላ ከሚመጣ ቅሬታ ይድናል።

የቤቱ አቅጣጫም ሊታሰብበት ይገባል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በበጋው ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። መስኮቱ ወደ ደቡብ የዞረ ክፍል በዚህ ጊዜ ፀሐይ ሲያገኝ፣ ወደ ሰሜን የዞረው በጥላ ይቆያል። በጥላው ክፍል ቀዝቃዛው ግራጫ የበለጠ ስለሚከብድ፣ ክሬም ወይም የአሸዋ ቀለም ይሻላል። እንዲሁም ብርድ በሚበዛበት ደጋ ሞቅ ያለ ቀለም ተፈላጊ ሲሆን፣ እንደ ድሬዳዋ ባለው ሞቃት አገር ግን ነጣ ያለው ግራጫ ለዓይን ቅዝቃዜን ይሰጣል።

ከዚህም ሌላ ወለሉ የሠፈሩን አፈር ይቀበላል። ቀይ አፈር ባለበት ሠፈር ንጹሕ ነጭ ወለል የእግር ዱካ ሁሉ ይታይበታል፤ ጥቁር መረሬ ባለበትም እንደዚሁ ነው። ለመግቢያና ለሳሎን መካከለኛ ድምቀት ያለውና ጥቂት ዝንጉርጉርነት ያልተለየው ንጣፍ ይመረጣል። በመጋጠሚያው የሚሞላው ስሚንቶም ነጭ ከሆነ ቶሎ ስለሚጠቁር፣ ከንጣፉ በጥቂቱ የጠቆረ ቢሆን መልካም ነው።

ስለ ጥራቱ

ቀለም ብቻውን ጥራትን አያስረዳም። በዓለም አቀፉ የአይ.ኤስ.ኦ. 13006 ደረጃ መሠረት ንጣፍ ከሚመደብባቸው ነገሮች ዋናው ውሃ የመምጠጥ መጠኑ ነው። ከ0.5 በመቶ የማይበልጥ ውሃ የሚመጠው ፖርስሊን ጠንካራ ሲሆን፣ ከ10 በመቶ በላይ የሚመጠው ለግድግዳ እንጂ ለወለል አይሆንም። ይህ ልዩነት በጉምሩክም ይሠራበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በሥራ ላይ በዋለው የዕቃዎች አመዳደብ እስከ 0.5 በመቶ የሚመጠው በ6907.21፣ ከዚያ በላይ እስከ 10 በመቶ የሚመጠው በ6907.22፣ ከ10 በመቶ በላይ የሚመጠው በ6907.23 ተመድቧል። ስለዚህ አስመጪው የመምጠጥ መጠኑን የሚያስረዳ የምርመራ ወረቀት ከሻጩ መጠየቅ አለበት።

ላዩ በመስታወት መሰል ልባስ የተሸፈነ ንጣፍ መፋቅን የመቋቋም ኃይሉ ከ1 እስከ 5 ባሉ ደረጃዎች ይገለጻል። ለመኖሪያ ቤት ወለል 3ኛው ወይም 4ኛው ይበቃል። እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቀው ዓይነት ውሃ ሲነካው ስለሚያንሸራትት፣ ለመታጠቢያ ቤት ወለል ሻካራው ይመረጣል።

ስለ ትእዛዙና ስለ ክምችቱ

በምድጃ የሚተኮስ ዕቃ ከአንዱ ተኩስ እስከ ሌላው በቀለሙም በመጠኑም ጥቂት ይለያያል። በዚህ ምክንያት ፋብሪካዎች በየካርቶኑ ላይ የቀለሙን መለያና የመጠኑን መለያ ያትማሉ። ስሙ አንድ ሆኖ መለያው የተለያየ ዕቃ አንድ ወለል ላይ ሊቀላቀል አይገባውም።

ለምሳሌ 40 ካሬ ሜትር ለሆነ ሳሎን 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ንጣፍ የሚገዛ ሰው ቢኖር፣ 4 ንጣፍ የያዘ አንድ ካርቶን 1.44 ካሬ ሜትር ስለሚሸፍን 28 ካርቶን ይበቃው ይመስላል። ነገር ግን ለመቁረጫና ለስብራት 10 በመቶ ሲታከልበት 31 ካርቶን ያስፈልገዋል። በ28 የሄደው ደንበኛ ከወር በኋላ ሦስት ካርቶን ፍለጋ ሲመለስ፣ በሱቁ የሚያገኘው የሌላ ተኩስ ዕቃ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ወለሉ ይበላሻል፤ ባለሱቁም ስሙን ያጣል።

አስመጪውም በበኩሉ አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባዋል። በመተማመኛ ሰነድ በሚፈጸም ግዢ ባንክ የሚመረምረው ሰነዱን እንጂ ዕቃውን አይደለም። ስለዚህ በአንድ ጭነት ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ቀለም መለያው አንድ እንዲሆን በውሉ መጻፍ፣ መለያው በጭነት ዝርዝሩ ላይ እንዲሰፍር በመተማመኛ ሰነዱ ማስገደድ፣ የተስማሙበትንም ናሙና በሁለቱም ወገን ማስቀመጥ ያሻል። ዕቃው መጋዘን ሲደርስም በመለያው ተለይቶ ይከመር። ድስት ጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መመጠን እንደሚሻል፣ በዚህም ንግድ ትርፉ የሚጠበቀው ዕቃው ከመጫኑ በፊት ነው።