የጊግስ ምስጢር ለብስራተ ገብርኤል ጋሼዎችም ይሠራል

ገና በማለዳ ከብስራተ ገብርኤል ወደ ሳር ቤት በሚወስደው አስፋልት ዳር ቱታ ለብሰው፣ ኮፍያ ደፍተው ዱብ ዱብ የሚሉ አባቶችን ማየት የተለመደ ነው። ወሬያቸው ኳስ ነው፤ የማንቼ፣ የአርሴናል፣ የጊዮርጊስና የቡና። በወጣትነቱ ካታንጋ ላይ ቆሞ 90 ደቂቃ ሙሉ ሲጨፍር የነበረ ደጋፊ ግን ዛሬ ከታክሲ ሲወርድ በሩን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፤ የጫማ ክር ለማሰር ወንበር ይፈልጋል። በየቀኑ በእግሩ እየሄደ ጉልበቱ ለምን ከዳው?

ይኼ ጥያቄ ለዌልሳዊው ራያን ጊግስ ገና በወጣትነቱ ነው የመጣበት። እ.ኤ.አ. በ1991 ለማንቸስተር ዩናይትድ ዋናው ቡድን መሰለፍ ሲጀምር ትልቁ መሣሪያው ፍጥነቱ ነበር። ይሁንና የታፋው የኋላ ጡንቻ፣ ማለትም ሃምስትሪንጉ፣ እየደጋገመ ከሜዳ አራቀው። መፍትሔ ፍለጋ ዮጋ ጀመረ፤ አልተወውምም። እ.ኤ.አ. በ2014 ጫማውን ሲሰቅል 40 ዓመቱ ነበር። ለቀያይ ሰይጣኖቹ 963 ጨዋታ አድርጎ 13 የሊግ ዋንጫ አንስቷል። ግብ ጠባቂው ብራድ ፍሬደልም የዮጋ ሰው ነበር፤ ከእግር ኳስ የተሰናበተው እ.ኤ.አ. በ2015 በ44 ዓመቱ ነው።

ታዲያ ለጋሼዎቹ ምን ይጠቅማል? ሶምሶማና እርምጃ ልብንና ሳንባን ያጠነክራሉ። ሚዛን መጠበቅንና መተጣጠፍን በተመለከተ ግን ብቻቸውን አይበቁም። ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻ ይሳሳል፣ መገጣጠሚያ ይደርቃል፤ እግር ድንጋይ ሲመታው ሰውነት ቶሎ አይመለስም። መውደቅ ይመጣል። ለአዛውንት አንድ ጊዜ መውደቅ የዳሌ ስብራት፣ ከዚያም አልጋ ማለት ሊሆን ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ምክር ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ ከዚህም ጋር ሚዛንና ጥንካሬ ላይ ያተኮረ ስፖርት በሳምንት ሦስት ቀን ወይም ከዚያ በላይ እንዲሠሩ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ደግሞ ስፖርት የአዛውንቶችን መውደቅ በ23 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ዮጋ ሚዛንን፣ ጥንካሬንና መተጣጠፍን በአንድ ምንጣፍ ላይ ያሠራል።

አጀማመሩ ከባድ አይደለም። የወንበር መደገፊያ ይዞ በአንድ እግር አሥር ሰከንድ መቆም፣ ከዚያ እግር መቀየር። ወንበር ላይ ተቀምጦ ወገብን ቀስ አድርጎ ወደ ግራና ቀኝ ማዞር። እጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ። በአፍንጫ ረዘም አድርጎ መተንፈስ፣ ትንፋሽ ግን አለመያዝ። መጀመሪያ አካባቢ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ዋናው ነገር አለማቋረጥ ነው።

ዮጋ ከህንድ የመጣና ከሃይማኖት ጋር የተያያዘ ሥር ያለው በመሆኑ የሚያመነታ አለ። ያልተመቸው ሰው መዘርጋቱን፣ ሚዛን መጠበቁንና አተነፋፈሱን ብቻ እንደ ማንኛውም ስፖርት መሥራት ይችላል። ስግደት ለጸሎት እንጂ ለስፖርት ባይሆንም፣ ሲሰግዱ የኖሩ እናቶችና አባቶች ጎንበስ ቀና ማለት ለሰውነት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቁታል።

ጥንቃቄም አለ። ደም ግፊት ወይም ግላኮማ ያለበት ሰው ጭንቅላትን ወደ ታች የሚያዘቀዝቅ እንቅስቃሴ አይሞክር። አጥንቱ የሳሳ ወገቡን አጥብቆ አይጠፍ። የልብ ሕመም ያለበት ሐኪሙን ቀድሞ ያማክር። የሚያም ነገር ካለ ወዲያው ማቆም ነው፤ እዚህ ጨዋታ ላይ ጉዳት ይዞ መሰለፍ ጀግንነት አይደለም።

የጋሼዎቹ ዋንጫ ሌላ ነው። ሳይደገፉ ከታክሲ መውረድ፣ የልጅ ልጅን ብድግ አድርጎ መሳም። ቅዳሜ ከሰዓት ዲኤስቲቪ ቤት ጎል ሲገባም ከወጣቶቹ እኩል ከወንበር ዘሎ መነሳት።