ከፀሐይ የጠፉት ኒውትሪኖዎች የት ገቡ?

ውድ አድማጮቻችን፣ በዛሬው ዝግጅታችን በዓይን ስለማትታይ፣ ነገር ግን በየሰከንዱ በሰውነታችን ውስጥ ስለምታልፍ አንዲት ቅንጣት እናወጋችኋለን። ስሟ ኒውትሪኖ ይባላል።

ፀሐይ የምታበራው በእምብርቷ ውስጥ የሃይድሮጅን አቶሞች እየተዋሃዱ ሂሊየም ስለሚሆኑ ነው። ከዚህ ውህደት ኒውትሪኖዎችም ይወጣሉ። እዚያ የተፈጠረው ብርሃን ወደ ፀሐይ ገጽ እስኪደርስ ብዙ ሺህ ዓመታት ሲፈጅበት ኒውትሪኖ በ2 ሰከንድ ገደማ ሾልካ ትወጣለች፤ ከ8 ደቂቃ ከፍ ባለ ጊዜ ውስጥም ምድር ላይ ናት። የአውራ ጣት ጥፍር በሚያህል ቦታ በየሰከንዱ 60 ቢሊዮን ያህል ያልፋሉ። ሌሊትም አያቋርጡም። ከዒሻ ሰላት በኋላ ጋደም ስንል ፀሐይ ከምድር ማዶ ናትና፣ መሬትን አቋርጠው፣ ፍራሻችንን አልፈው ወደ ላይ ይወጣሉ። ከምንም ነገር ጋር እምብዛም ስለማይነካኩ ጉዳት የለባቸውም።

ታዲያ የማይነካካ ነገር እንዴት ይቆጠራል? አሜሪካዊው ኬሚስት ሬይመንድ ዴቪስ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሳውዝ ዳኮታ በሚገኝ የሆምስቴክ የወርቅ ማዕድን ውስጥ፣ 1,500 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ፣ 380,000 ሊትር ፈሳሽ የያዘ ታንከር አስቀመጡ። ፈሳሹ ላውንደሪ ቤቶች ልብስ የሚያጸዱበት፣ ክሎሪን ያለበት ነው። ኒውትሪኖ የክሎሪንን አቶም ስትመታ ወደ አርጎን ትለውጠዋለች። ያን ያህል ጥልቀት የተፈለገው ከሰማይ የሚዘንቡ ሌሎች ቅንጣቶች ቆጠራውን እንዳያበላሹ ነው። ዴቪስ ያገኙት በሁለት ቀን አንድ አቶም ገደማ ነበር። ከዚያ ሁሉ ፈሳሽ ውስጥ!

ይህ ግን ጆን ባኮል የተባሉት የፊዚክስ ሊቅ አስልተው ከጠበቁት አንድ ሦስተኛው ብቻ ነው። ብዙዎች ወይ ቆጣሪው ወይ አስሊው ተሳስቷል አሉ። ሁለቱም በየያዙት ጸንተው ሠላሳ ዓመት ያህል ፈተሹ፤ ስሕተት አልተገኘም።

መልሱ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። በ1998 በጃፓን ሱፐር ካሚዮካንዴ 50,000 ቶን ውሃ የያዘ ጋን፣ በ2001 እና በ2002 ደግሞ በካናዳ ሰድበሪ 1,000 ቶን ከባድ ውሃ የያዘ መሣሪያ፣ ኒውትሪኖ በመንገድ ላይ ዓይነቷን እንደምትቀይር አሳዩ። ሦስት ዓይነት ናትና፤ የዴቪስ ታንከር የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነበር። የጠፋ አልነበረም፤ ሁለቱም ልክ ነበሩ። ዴቪስ በ2002፣ በ88 ዓመታቸው፣ የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ባኮል ግን ሳይሸለሙ በ2005 አረፉ፤ ይገባቸው ነበር እንላለን።

ዓይነቷን የምትቀይር ቅንጣት ክብደት ሊኖራት የግድ ነው። የቅንጣቶች ፊዚክስ ዋና ንድፈ ሐሳብ ግን ክብደት የላትም ይል ነበር። ስለዚህ ንድፈ ሐሳቡ ራሱ መታረም ይኖርበታል፤ እንዴት እንደሆነ ገና እየተጠና ነው። በጀርመን ካርልስሩኸ የሚሠራው ካትሪን የተባለ ሙከራ በ2025 ባወጣው ውጤት፣ ክብደቷ ከኤሌክትሮን አንድ ሚሊዮንኛ እንኳ አይሞላም። ትክክለኛው መጠን አልታወቀም። ከሦስቱ የትኛዋ ከባድ እንደሆነችም አልተለየም። ለዚህ ጥያቄ ሲባል በደቡብ ቻይና ከመሬት በታች 700 ሜትር ላይ 20,000 ቶን ፈሳሽ የያዘው ጁኖ የተሰኘ መሣሪያ ነሐሴ 2025 ላይ ሥራ ጀምሯል። የሚቆጥረው ከፀሐይ የመጡትን ሳይሆን 53 ኪሎ ሜትር ርቀው ካሉ የኑክሌር ኃይል ማመንጫዎች የሚወጡትን ነው፤ ለመልሱም የበርካታ ዓመታት ቆጠራ ያስፈልገዋል።