ጎን የሚወጋ ሁሉ ብርድ አይደለም



በእንጅባራ ብርድ ጎኑን የወጋው ሰው «ብርድ መትቶኝ ነው» ይላል። ፌጦ ይጠጣል፣ ይታገማል፣ ይተኛል። ከቀናት በኋላ ውጋቱ ቀለል ሲለው «ተሻለኝ» ብሎ ይነሣል። ነገር ግን ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ማታ ማታ ያተኩሰዋል፤ ያልበዋል። ይህ መሻል ላይሆን ይችላል፤ ሳንባው ውሃ ቋጥሮ ሊሆን ይችላል።

ውሃው የት ይቋጠራል?

ሳንባችንን ሁለት ስስ ሽፋኖች ያለብሱታል። በመካከላቸው ያለው ጥቂት ፈሳሽ ስንተነፍስ እንዳይፋተጉ ያደርጋቸዋል። ሽፋኖቹ ሲቆጡ ጎን ይወጋል። ፈሳሹ ሲበዛ ግን ሽፋኖቹ ስለሚራራቁ ውጋቱ ሊቀንስ ይችላል፤ ሳንባው ይጫናል፣ ትንፋሽም ያጥራል። በሀገራችን ከዋነኞቹ መንስኤዎች አንዱ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ነው። የሳንባ ምች፣ የልብ ድካምና ካንሰርም ያመጡታል።

አልትራሳውንድ ምን ይጠቅማል?

አልትራሳውንድ ለነፍሰ ጡር ብቻ አይደለም። ቆመው የሚነሡት የደረት ራጅ ፈሳሹ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ካልደረሰ ላያሳየው ይችላል። አልትራሳውንድ ግን ከ20 እስከ 50 ሚሊ ሊትር የሚሆነውን እንኳ ያሳያል። የሚሠራው በድምፅ ሞገድ ስለሆነ ጨረር የለውም፤ አያምም። ፈሳሹ መግል ወይም በክፍል በክፍል የተቋጠረ መሆኑንም ሊጠቁም ይችላል።

«ውሃው ከተቀዳ ይሞታል» ብለው የሚሸሹ አሉ። እውነቱ ሌላ ነው። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እያየ መርፌው የሚገባበትን ቦታ ሲመርጥ ሳንባን፣ ጉበትን ወይም ጣፊያን የመውጋት አደጋ ይቀንሳል። መንስኤውን ለማወቅ ግን የተቀዳው ፈሳሽ በላቦራቶሪ መመርመር አለበት። በሕክምናው ጊዜ ፈሳሹ መቀነሱንም በዚሁ መሣሪያ መከታተል ይቻላል።

ምን እናድርግ?

• ውጋት፣ ትኩሳት ወይም ሳል ሁለት ሳምንት ከቆየ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ትንፋሽ ካጠረ አንድ ቀንም አይጠብቁ።
• በእንጅባራ ወይም በዳንግላ ሆስፒታል ሲታከሙ «የደረት አልትራሳውንድ ያስፈልገኛል?» ብለው ይጠይቁ። ከአቅም በላይ ከሆነ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ።
• ቲቢ ከሆነ መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ይወሰዳል። ስለተሻልዎ አያቋርጡ። ረመዷን ቢገባም የሚወስዱበትን ሰዓት ከሐኪምዎ ጋር ይመካከሩ። ቤተሰብዎንም ያስመርምሩ።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን።