ድባብ በሩሲያ የመልክዓ ምድር ሥዕል

በሩሲያ የመልክዓ ምድር ሥዕል ድባብ የሚመነጨው ከቦታው ውበት አይደለም፤ የአድማሱ ከፍታ፣ የቀለማቱ መቀራረብና የብሩሹ አያያዝ ናቸው የሚፈጥሩት። አሌክሴይ ሳቭራሶቭ እ.ኤ.አ. በ1871 የሣለው «ቁራዎቹ መጡ» ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። የሚታየው የኮስትሮማ ገጠር ነው፤ መቅለጥ የጀመረ የቆሸሸ በረዶ፣ ጠማማ የበርች ዛፎች፣ ከአጥሩ ወዲያ የቆመ ቤተ ክርስቲያን። ሳቭራሶቭ ግራጫውንና ቡናማውን አቀራርቦ፣ ቀጫጭኖቹን ግንዶች ከፈዛዛው ሰማይ ፊት አቆማቸው። ዓይን ግንዶቹን ተከትሎ ወደ ወፎቹ ጎጆ ይወጣል፤ የጸደዩ ተስፋም የሚሰማው በዚሁ ሽቅብ ጉዞ ነው።

አርኪፕ ኩይንጂ የተማመነው በብርሃን ነው። «የጨረቃ ሌሊት በዲኒፐር ላይ» የተባለውን ሥራውን በ1880 በሴንት ፒተርስበርግ ለብቻው ሲያሳይ፣ መስኮቶቹን በመጋረጃ አስጋርዶ መብራት አበራበት። ከሸራው ጀርባ ፋኖስ የተደበቀ የመሰላቸው ተመልካቾች ነበሩ። ምስጢሩ ግን ተቃርኖ ነው፤ በሞቃት ቡናማ ጨለማ የተከበበ ቀዝቃዛ አረንጓዴማ ብርሃን ከልኩ በላይ ይደምቃል። ድፍረቱ ዋጋ አስከፍሏል። አስፋልት የተቀላቀለበት ቀለም በጊዜ ብዛት ስለጠቆረ፣ የዛሬ ተመልካች የመጀመሪያዎቹ ያዩትን ድምቀት አያገኝም።

የሳቭራሶቭ ተማሪ ይስሐቅ ሌቪታን ግን ከሁሉም ርቆ ሄዷል። በ1892 የሣለው «ቭላዲሚርካ» እስረኞች ወደ ሳይቤሪያ በእግር ይነዱበት የነበረው መንገድ ነው። እስረኛ አይታይበትም፤ ሰንሰለትም የለም። መንገዱ ከሸራው ግርጌ ሰፍቶ ይነሣና እየጠበበ ወደ አድማሱ ይሄዳል፤ ግራና ቀኙን እግር የጠረጋቸው ቀጫጭን ዱካዎች ያጅቡታል። የሜዳው አረንጓዴና የደመናው ግራጫ በድምቀት ስለሚቀራረቡ ዓይን ሌላ ማረፊያ ያጣና መልሶ መንገዱን ይይዛል። በሩቅ የምትታየው ብቸኛ መንገደኛ የሜዳውን ስፋት ትለካለች። ያን ሁሉ መከራ አንድም የሚያለቅስ ፊት ሳያሳዩ ማሰማት ትልቅ ችሎታ ነው።

ሌቪታንን ከሐዘን ጋር ብቻ ማያያዝ ግን ስሕተት ነው። በ1895 በቴቨር ገጠር፣ በአመዛኙ እዚያው ደጅ ቆሞ የሠራው «መጋቢት» ደስታ የሞላበት ሥዕል ነው። በረዶው በነጭ ብቻ አልተቀባም፤ ጥላው የጠራውን ሰማይ ብርሃን ስለሚቀበል ሰማያዊና ወይን ጠጅ ሆኗል። ፀሐይ ያረፈበት የቤቱ ግድግዳ ደግሞ ቢጫ ነው፤ ሰማያዊው ጥላ የቀዘቀዘውን ያህል ይህ ግድግዳ ይሞቃል።